ሁለት ኢንች ይበቃታል? አራት ይሁንላት!

ሰው አሮጌ የመስክ መኪና ገዝቶ ዝም ብሎ ቢነዳት ምን ነበረበት? አይሆንም። ገና የወንበሯ አቧራ ሳይራገፍ ባለቤቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና አንገቱን ጠመም አድርጎ ያያታል። ቀጥሎ የሚለውን እኔም እናንተም እናውቀዋለን። «ትንሽ ከፍ ብትል አታምርም?»

ከፍ ማድረጉ ላይ ጠብ የለኝም። በልኩ ሲሆን ጥሩ ሥራ ነው። ጠቤ ከአመራረጡ ጋር ነው። ጫማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እግሩን ይለካል። ሊፍት ኪት፣ ማለትም መኪናን ከፍ የሚያደርግ የዕቃ ስብስብ፣ የሚገዛ ሰው ግን መጀመሪያ የሚለካው የጎረቤቱን መኪና ነው።

ደግሞ አማካሪው! በሰው ትዳር ጣልቃ የማይገባ ጨዋ ሰው እንኳ በሰው መኪና ቁመት ላይ ዝም ማለት አይሆንለትም። አንድ ወዳጄ ላንድክሩዘር 60 አለችው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ከተመረቱት አንዷ ናት፤ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ፣ ተደራርበው በታሰሩ ቅስት ብረቶች፣ የቆመች ጠንካራ አሮጊት። «ላነሳት ነው» ብሎ ገና አፉን ሳይገጥም አማካሪ ጎረፈ።

አንደኛው «ከአራት ኢንች በታች ከሆነ ባትነካት ይሻላል» አለ። ይህ ሰውዬ ራሱ የሚነዳት ትንሽዬ የቤት መኪና መንገድ ላይ ጉብታ ባገኘች ቁጥር ሆዷን ትፋቃለች። በሰው መኪና ሲሆን ግን ለጋስ ነው።

ሁለተኛው ኪት መግዛቱን ራሱ ናቀው። «ምን አስወጣህ! ባሌስትራውን ከአክስሉ ሥር አውጥተህ ከላይ አስቀምጠው፣ አለቀ!» አክስል የሚለው ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘውን ወፍራም ብረት ነው። እውነቱን ነው፣ ከፍ ይላል። አምስት ስድስት ኢንች በአንድ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ግን የባሌስትራው መቀመጫ እንደ አዲስ ይበየዳል። የመሪው ዘንጎች አቀማመጥ ይቀየራል። ነዳጅ ጠበቅ አድርገው ሲሰጧት አክስሉ ባሌስትራውን እየጠመዘዘ ይዘላል። «አለቀ» ያለው ሰውዬ ደግሞ ሥራው ሲጀመር ስልክ አያነሳም።

ሦስተኛው የባሌስትራውን ማንጠልጠያ በረጅም ቀይር ባይ ነው። ርካሽ ምክር ነው፤ ውጤቱም እንደዚያው። ማንጠልጠያዋን በአራት ሴንቲሜትር ብታስረዝሟት መኪናዋ የምትነሳው በሁለት ብቻ ነው። ወደ ታች የሚገፋው የባሌስትራው አንዱ ጫፍ ብቻ ነዋ። በዚያ ላይ አክስሉ ዘመም ብሎ ይዞራል። አራተኛው ቦዲውን ከሻንሲው፣ ከታች ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ ነጥለህ መሃል ላይ ድጋፍ ክተትበት አለ። ይህኛው ለትልቅ ጎማ ቦታ ይሰጣል፣ ባሌስትራውንም አይነካም። ሻንሲው ግን ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከፊተኛው አክስልና ባሌስትራ መሃል ብሎክ ክተት የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ሰላም ብላችሁት እለፉ። ፍሬን ሲያዝ ከፊት ያለው ጫና ያንን ብሎክ ከቦታው ሊያስፈተልከው ይችላል። ያን ጊዜ ክርክሩ ከእሱ ጋር ሳይሆን ከገደሉ ጋር ነው።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ስለ ዲፈረንሻሉ፣ አክስሉ መሃል አብጦ ስለሚታየው የጥርሶች ቤት፣ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ድፍን አክስል ያላት መኪና ባሌስትራዋ ሲነሳ የሚነሳው ከባሌስትራው በላይ ያለው ነው፤ ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ቦዲው፣ ባለቤቱ። ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ ነው፤ አክስሉ ደግሞ ጎማው ላይ። ጎማው ካልተቀየረ አራት ኢንች ብታነሷት፣ ስምንት ብታነሷት፣ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት በአንዲት ሚሊሜትር አይጨምርም። ድንጋዩ የሚያውቀው ዲፈረንሻሉን ነው። ኮፈኑ ሰማይ ቢነካ ግድ የለውም።

ወዳጄ ይህን ስነግረው አላመነም። ሜትር ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከውጭ የሚታየው ሁለት ጫማ ብቻ ነው። ለካ፤ ዝም አለ። እንደገና ለካ። ከዚያ ከሥር ሆኖ «ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ያነሳል?» አለ።

መልሱ አጭር አይደለም። ከፍታው ፓራውልቱ ዳገቱ ግርጌ ላይ አፍንጫውን እንዳይመታ ያደርጋል፤ ሆዷ ጉብታ አናት ላይ እንዳይቀመጥም ይረዳል። ዋናው ጥቅሙ ግን ለጎማ ቦታ መስጠቱ ነው። 29 ኢንች የነበረው ጎማ 33 ሲሆን አክስሉ በሁለት ኢንች ከፍ ይላል፤ አምስት ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ያቺ ነች እውነተኛዋ ትርፍ። እሷም ብትሆን በነጻ አትመጣም። የፍጥነት ቆጣሪው መዋሸት ይጀምራል፤ 100 ሲል መኪናዋ 114 ላይ ናት። ሞተሩ ያንን ትልቅ ጎማ ለማዞር ያቃስታል፣ ዳገት ላይ ማርሽ ያስቀይራል። ፍሬኑም ድሮ ለለመደው ጎማ የተሠራ ነው።

«እሺ፣ ጎማውን እንተወውና ሁለት ኢንች ብቻስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። የወዳጄ መኪና ዝቅ ያለችው ፋብሪካው ዝቅ አድርጎ ስለሠራት አይደለም፤ ደክሟት ነው። ባሌስትራ በዕድሜና በጭነት ብዛት ይተኛል። በብረቶቹ መካከል ዝገት ይገባል፣ ቅስቱም እየተቃና ይሄዳል። ከቸርኬው መሃል ነጥብ ከጎማው በላይ እስካለው ፓራፋንጎ ጫፍ በአራቱም ጎማዎች ላይ ለካን። እንዲህ ሲለካ የጎማው ንፋስ ማነስ አያታልልም። በሾፌሩ በኩል ያለው ጎን ከሌላው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወዳጄ ወደ ሆዱ አየ። እኔም አየሁ። ማናችንም ምንም አላልንም።

እንዲህ ላለችው መኪና አዲስ ባሌስትራ በፋብሪካው ልክ ብቻ ቢገባላት እንኳ ከፍ ትላለች። ይህን ግን ማንም ሊሰማው አይፈልግም። «መኪናዬን አነሳኋት» ማለት ያኮራል፤ «መኪናዬን ወደነበረችበት መለስኳት» የሚለው ግን ለወሬ አይመችም።

ከቁመቱ ቀጥሎ የሚመጣው የክብደት ጥያቄ ነው፤ ትልቁ ትዝብቴም እዚሁ ላይ ነው። ባሌስትራ የሚመረጠው መኪናዋ በምትሸከመው ክብደት ነው። ሰው ግን የሚያዘው ወደፊት ሊሆን ባሰበው ሰው ልክ ነው። ከፊት የብረት ፓራውልት ይኖረኛል ይላል። የተያዘ መኪና በገመድ የሚጎትት ዊንች ይኖረኛል፣ ሁለተኛ ሳልባትዮ (የነዳጅ ጋን) አስገባለሁ፣ ጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ድንኳን እሰቅላለሁ ይላል። ስለዚህ ከባዱን ባሌስትራ ያዛል። ፓራውልቱ ቀረ። ዊንቹ ቀረ። ባሌስትራው ግን መጣ። ከዚያ ባዶዋን መኪና ይዞ ወደ ሥራ ሲሄድ ትንሽ ጠጠር በረገጠች ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል። ከጎኑ የተቀመጠችው ባለቤቱ በአንድ እጇ ጣሪያውን ትደግፋለች። «ጥንካሬዋ ነው» ይላታል። እሷም የምትመልሰውን እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ።

«ጋሼ፣ ኪት ልገዛላት ነው፤ የትኛው ይሻላል?» አለ ወዳጄ።

«ምን ልትጭንባት ነው?»

«እሱን እንኳ ገና አላሰብኩበትም።»

«እንግዲያው ስታስብ ና» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ወዳጄ ተቀየማቸው። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ የረባ ምክር ሲሰጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተለማምጠን መለስናቸውና ከመኪናዋ ሥር ይዘውን ገቡ። ማንጠልጠያዋን በብረት ፈልቀቅ ሲያደርጓት ቡሹ፣ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ጎማ፣ ደቆ እንደ ዱቄት ረገፈ። የመሪውን ዘንጎች የሚያጋጥሙትን ቴስታዎች በእጃቸው ነቀነቁ፤ ተነቀነቁ። «ይህን ትተህ ማንሳት የለም» አሉ። ስለ ቁመት ያን ያህል ሲጨቃጨቁ ከሰነበቱት አማካሪዎች አንዱም ቡሽ የሚባል ነገር አላነሳም ነበር። ቡሽ አይታይማ! ማን ቡሹን አሳይቶ ፎቶ ይነሳል?

ቀጥለውም ኪቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁ። ርካሹ ኪት ባሌስትራና ጥቂት ቡሎን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ጣጣው ለገዢው ነው። የመኪናዋን ንጥረት የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር በዚያው ቁመት ረዘም ማለት አለበት። አለበለዚያ አክስሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል ሾኩ ልክ እንደ ገመድ ሆኖ አክስሉን መያዝ ይጀምርና ይበጠሳል። የፍሬኑ ጎማ ቱቦም አክስሉ እስከ መጨረሻው ወርዶ ይታያል፤ ከተወጠረ በረጅም ይቀየራል። ፊት ላይ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ሽብልቅ ያስፈልግ ይሆናል፤ አክስሉ አቅጣጫውን ከሳተ መሪው ከዞረ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ መኪናዋም ቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ሰካራም ትዋልላለች። የሞተሩን ኃይል ወደ አክስሉ የሚወስደው የትራስሚሲዮን ዘንግ ከፍታው ሲጨምር ይበልጥ ያዘነብላል፤ ጫፎቹ ላይ ያሉት ተጣጣፊ መጋጠሚያዎች፣ ክሮቼራዎቹ፣ አንግላቸው ካልተመጣጠነ መኪናዋ ስትፈጥን ወለሉ ይንቀጠቀጣል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት አንዴ ከተፈታ አይመለስም፣ በአዲስ ይታሰራል፤ የተወሰነ መንገድ ከተነዳ በኋላም እንደገና ይጠብቃል። የማንጠልጠያው ቡሎኖችም የሚጠብቁት መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ ሳለ ሳይሆን በጎማዋ ቆማ ነው፤ አለበለዚያ አዲሱ ቡሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠምዝዞ ይኖራል።

(ባለ ሞላዎቹ እዚህ ላይ ፈገግ እንዳትሉ። ላንድክሩዘር 80ን የመሰለች፣ ከ1990 ጀምሮ በአራቱም በኩል በሞላ የቆመች መኪና ስትነሳ አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግ አክስሉን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። የእናንተም ጣጣ አለ።)

እናም ወዳጄ ከብዙ ማቅማማት በኋላ መረጠ። ሁለት ኢንች፣ መካከለኛ ጭነት፣ ቁመቱ የተመጠነ ሾክ፣ አዲስ ቡሽ፣ አዲስ ዩ ቦልት። ጎማው ባለበት ቀረ። ሥራው ሲያልቅ የፊት መብራቷ ወደ ሰው ዓይን ስለተነሳ እሱም ዝቅ ብሎ ተስተካከለ። ነዳሁለት። ተኝታ የነበረች መኪና ነቅታለች። ኩርባ ላይ አትጋደምም፣ ጉድጓድ ላይም አትጮህም።

ችግሩ ማንም አላወቀለትም። አምስት ሴንቲሜትር ለዓይን ምን ታህል? አማካሪዎቹ አንድ በአንድ መጥተው ዞሯት። «መቼ ነው የምታነሳት?» አሉት። ወዳጄ መኪናዋን ዘወር አድርጎ አቆማት፤ ዳገት ላይ አቆማት፤ ሆን ብሎ ከአንዲት ዝቅ ያለች የቤት መኪና ጎን አቆማት። ምንም። ባለ አራት ኢንቹ ሰውዬ «ነግሬህ ነበር» ብሎ በሐዘን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

መነሳቷን ያወቀች አንዲት ሰው ብቻ ነች፤ አማቱ። ሊያደርሷት ሲሉ አንድ እግሯን አነሳች፣ አልደረሰም። ቀሚሷን ሰብስባ እንደገና ሞከረች። «ልጄ፣ ይህቺ መኪና ደግሞ መቼ አደገች?» አለች። ወዳጄ በደስታ አቅፎ ሊስማት ምንም አልቀረው። ግን አማት ናትና በማግስቱ በሁለቱም ጎን የብረት መርገጫ አሰቀለላት። ጠንካራ፣ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ መርገጫ።

ከዚያ ልማዱ ሆኗልና ሜትሩን ይዞ ተንበረከከ። ከመሬት እስከ መርገጫው ለካ። ጎኗ መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት ከነበረው ዝቅ ብሏል። አሁን ድንጋዩን ቀድሞ የሚያገኘው መርገጫው ነው።

ባለ አራት ኢንቹ ሰውዬ ከበስተጀርባው ቆሞ ነበር።

«ቀላል ነው» አለው፣ «ሁለት ኢንች ጨምርላት።»