የአያትን ተዝካር ለምታወጡ

ስለ ተዝካር ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ስለ አርባኛው ቀን ድግስ ወጪ ብዙ ብሏል፤ ስለ ስሙና ስለ ቀኑ ግን ምንም አላለም። ዋናው ደግሞ እሱ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ አበቡ» የሚላቸው አያት በጸሎተ ፍትሐት የሚታሰቡት በክርስትና ስማቸው፣ «ወለተ ሚካኤል» ተብለው ነው። ብዙ ልጆች ይህን ስም አያውቁትም፤ ካህኑ ሲጠይቁ መተያየት ይመጣል። እባካችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት። ካረፉም የንስሐ አባታቸውን ጠይቁ።

ቀኑ የሚቆጠረው ካረፉበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ መስከረም 1 ያረፈ ሰው አርባው ጥቅምት 10 ይውላል። ውጭ አገር ያሉ ልጆች 31 ቀን ባለው ወር ሲቆጥሩ ይሳሳታሉ። ነሐሴ ላይ ከሆነም ጳጉሜን ትረሳለች። ሰማንያውንም ሙት ዓመቱንም በኛው አቆጣጠር ያዙ።

አቅም ከሌለ ሥጋው ይቅር፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ፣ ለነዳያን ዳቦና ንፍሮ ይበቃል። ለንፍሮው ስንዴውና ሽምብራው ማታ ይዘፍዘፉ፣ ለየብቻም ይቀቀሉ። አብረው ከተጣዱ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥርስ ይሰብራል። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ወጡ ክክ፣ ምስርና ሽሮ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት የሚደረሰው አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ነው። አርባው እዚያ ላይ ከገባ ከካህኑ ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ።