ለይተን ብናስቀምጥስ ማን ለይቶ ይወስዳል?

የአዲስ አበባ ነዋሪ ቆሻሻ የማይለየው ግንዛቤ ስለሌለው ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ሐሳቡ ግን በከፊል ብቻ ያስማማኛል። ቁራሌው ሲጣራ የፕላስቲክ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውንና አሮጌ ጫማውን ለይቶ የሚያወጣ ሕዝብ መለየት አያውቅም ሊባል አይችልም፤ የሚለየው ግን ዋጋ የሚያወጣውን ብቻ ነው። እኔ የሽንኩርት ልጣጩንና የቡናውን አተላ ለብቻው አስቀምጬ ስጠብቅ፣ ሰብሳቢዎቹ ከሌላው ጋር በአንድ ጋሪ ላይ ሲገለብጡት ካየሁ በኋላ ለሳምንታት ትቼው ነበር (ሌላ ጋሪ ስላልተሰጣቸው በእነሱ አልፈርድም)። እንደገና የጀመርኩት አንዷ ሰብሳቢ በብርጭቆ ስባሪ የተቆረጠ መዳፏን በፌስታል ጠቅልላ ስትሠራ አይቼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ የሆነው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላም ተደባልቆ መጣሉ ስላልቀረ፣ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ጋሪ እንጂ ሌላ ዙር ሥልጠና አይመስለኝም።