ከካሪቡ መውለጃ ሥር ያለው ነዳጅ፦ የሚወስነው ማነው?

በአላስካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከብሩክስ ተራሮች ግርጌ እስከ ባሕሩ የተዘረጋ ሜዳ አለ። ስፋቱ ወደ 600 ሺህ ሄክታር ነው። የአርክቲክ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ አካል ነው። ከሥሩ ብዙ ነዳጅ እንዳለ ይገመታል። ከላዩ ደግሞ ካሪቡ የተባለው የሰሜን አጋዘን በየዓመቱ በጁን መጀመሪያ አካባቢ ይወልድበታል። በ2017 የአሜሪካ ምክር ቤት ሜዳው ለነዳጅ ጨረታ እንዲቀርብ በሕግ አዘዘ። በሜዳው የባሕር ዳር ባለችው በካክቶቪክ መንደር የሚኖሩት ኢኑፒያት የተባሉ ነባር ሕዝቦች አብዛኞቹ ቁፋሮውን ይፈልጉታል። ከተራራው ማዶ ያሉት ግዊችን የተባሉ ሌሎች ነባር ሕዝቦች አጥብቀው ይቃወሙታል። ሁለት ጸሐፊዎች ወገን ለይተው ተከራክረዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ይቆፈር

ከነዳጁ በፊት ስለ ካክቶቪክ ላውራ። 250 ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። በመጠለያው ወሰን ውስጥ ያለችው መንደር እሷ ብቻ ናት። በ1947 የአሜሪካ አየር ኃይል ቦታውን ለአውሮፕላን ማረፊያ ፈለገው። ሰዎቹን አስነሳቸው። በ1953 እንደገና ተነሡ። በ1964 ለሦስተኛ ጊዜ። በመሃል፣ በ1960፣ በዙሪያቸው ያለው መሬት የዱር እንስሳት ጥበቃ ክልል ተባለ። ይሁን አይሁን ብሎ የጠየቃቸው የለም።

በ1971 የአላስካ ነባር ሕዝቦችን የመሬት ጥያቄ ለመፍታት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የካክቶቪክ ነዋሪዎች ኩባንያ በዚያው ሜዳ ውስጥ ወደ 37 ሺህ ሄክታር መሬት አገኘ። ግን ምክር ቤቱ ካልፈቀደ ነዳጅ ማምረት አይችሉም ተባለ። ይህ እስከ 2017 ቆየ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ነዳጅ ለዚያ አገር ሰው ምን እንዳመጣ እንመልከት። በ1968 ከሜዳው በስተ ምዕራብ ባለው ፕሩዶ ቤይ በተባለ ቦታ ትልቁ የነዳጅ ክምችት ተገኘ። ኢኑፒያቶች በ1972 የራሳቸውን አስተዳደር አቋቁመው በነዳጅ ተቋማቱ ላይ ግብር ጣሉ። ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ሊያስቆሟቸው ሞክረዋል። የመጀመሪያው ከንቲባ ኢበን ሆፕሰን ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከእናቱ ተለይቶ በጣም ሩቅ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላክ ነበር። ዛሬ በየመንደሩ ትምህርት ቤት አለ። ክሊኒክ አለ። የቧንቧ ውኃ አለ። ወጪው የሚሸፈነው በዋናነት ከዚያ ግብር ነው። ፕሩዶ ቤይ ደግሞ እያረጀ ነው። ነገ ማን ይከፍልላቸዋል?

አይቆፈር

ወንድሜ፣ ስለ ካክቶቪክ ያልከው እውነት ነው። ሦስት ጊዜ የተነሣ ሰው ቁጣው ይገባኛል። ግን ታሪኩን ተራራው ጋ አቆምከው። እኔ ከተራራው ማዶ ልቀጥል።

ግዊችኖች ወደ 9 ሺህ ይሆናሉ። መንደሮቻቸው በአላስካና በካናዳ የተበተኑ ናቸው። አቀማመጣቸውን በካርታ ብታየው በዚያ ሜዳ የሚወልደው የካሪቡ መንጋ፣ የፖርኩፓይን መንጋ የሚባለው፣ የሚጓዝበትን መንገድ ተከትሎ ታገኘዋለህ። በ2017 ሲቆጠር መንጋው 218 ሺህ ካሪቡ ነበረው። ሥጋው ምግባቸው ነው። ቆዳው ልብስና ጫማ ሆኖ ኖሯል። ያን ሜዳ በቋንቋቸው ሲጠሩት ትርጉሙ ሕይወት የሚጀምርበት ቅዱስ ስፍራ ማለት ነው። በረኃብ ዘመን እንኳን እዚያ ሄደን አናድንም ይላሉ። እስቲ አስበው፣ የተራበ ሰው ምግቡ ያለበትን ቦታ እያወቀ አይረግጠውም።

እናት ካሪቡ ያን ሜዳ የምትመርጠው በምክንያት ነው። ተኩላና ድብ በብዛት ያሉት ወደ ተራራው ነው። ለምለሙ ሣር የሚበቅለው ልክ በምትወልድበት ሰሞን ነው። ትንኙ ሲበረታ የባሕሩ ነፋስ ያባርርላታል። እዚያ ላይ ደግሞ ሜዳው ጠባብ ነው። ተራራው ወደ ባሕሩ ቀርቦ ቆሟል። መንገድና ቱቦ ሲመጣባት ወዴት ትሸሻለች?

አንድ ነገር ልጨምር። በ1971 በዚያው ሕግ ገንዘብና የኩባንያ አክሲዮን ሲቀርብ፣ አርክቲክ ቪሌጅና ቬኔታይ የተባሉ ሁለት የግዊችን መንደሮች አንፈልግም አሉ። መሬታችንን ብቻ ስጡን ብለው ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ወሰዱ። ሀብታም ስለነበሩ አይደለም። ምን እንደሚበልጥባቸው ያውቁ ነበር።

ይቆፈር

እህቴ፣ ኢኑፒያቶችም ካሪቡ ይበላሉ እኮ! ዓሣ ነባሪም ያድናሉ። ባሕር ላይ ቁፋሮ ሲመጣባቸው ለዓሣ ነባሪው ሰግተው የተቃወሙት እነሱው ናቸው። ስለዚህ ያገኙትን ሁሉ የሚቀበሉ ሰዎች አይደሉም። የብስ ላይ ይሁን፣ ባሕር ላይ ይቅር ያሉት አመዛዝነው ነው።

ስለ መንጋው ደግሞ ፕሩዶ ቤይን እዪው። እዚያ ያለው የመካከለኛው አርክቲክ መንጋ በ1970ዎቹ አጋማሽ 5 ሺህ ገደማ ነበር። በ2010 ወደ 70 ሺህ ደርሷል። በነዳጅ ጣቢያ መሃል ነው እንዲህ የበዛው። የ2017ቱ ሕግም የቁፋሮው ተቋማት መሬት ላይ የሚይዙትን ቦታ ወደ 800 ሄክታር ገድቦታል። ከ600 ሺህ ውስጥ 800 ማለት እኮ ነው።

አይቆፈር

የ2010ን ቁጥር ጠርተህ ማቆም ልክ አይደለም። ያው መንጋ በ2016 ወደ 22 ሺህ ወርዷል። ያወረደው ነዳጁ ብቻ ነው አልልም። ያበዛውም ነዳጁ አይደለም። አጥኚዎች ደጋግመው ያዩት ሌላ ነገር ነው። ግልገል የያዘች እናት ከመንገዱና ከቱቦው ኪሎ ሜትሮች ርቃ ትሄዳለች። ፕሩዶ ቤይ ላይ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ መራቂያ አላት። እዚህኛው ላይ የላትም።

800 ሄክታሩም ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በሕጉ አቆጣጠር ከቱቦው የሚቆጠረው ምሰሶው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። በምሰሶዎቹ መካከል የተዘረጋው ቱቦ አይቆጠርም። ካሪቡዋ ግን ቱቦውን ታየዋለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሕጉ ሲወጣ ከሁለት ጨረታዎች ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ለፌዴራል መንግሥቱ ይገባል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያው ጨረታ በጃንዋሪ 2021 ተካሄደ። የተገኘው ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አልመጡም። አብዛኛውን የወሰደው የራሱ የአላስካ ግዛት የልማት ድርጅት ነው። በጃንዋሪ 2025 ሁለተኛው ጨረታ ሲከፈት አንድም ተጫራች አልቀረበም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ካክቶቪክን ደህና ገቢ ይመጣል እያሉ ለዓመታት አስጠበቋት።

ይቆፈር

የጨረታው ውጤት አሳፋሪ ነበር። እቀበላለሁ። ኩባንያዎቹ ግን የሸሹት ነዳጅ የለም ብለው ብቻ አይመስለኝም። ክስ ይመጣብናል ብለው ፈርተዋል፣ ትልልቅ ባንኮችም ብድር አንሰጥም ብለዋል። ባንኮቹ ላይ ግፊት ካደረጉት ብዙዎቹ ደግሞ ካክቶቪክን ረግጠው የማያውቁ የከተማ ሰዎች ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በ1947 ሰዎቹን ማንም አልጠየቃቸውም። አሁን ሲጠየቁ አዎ አሉ። መልሳቸው ስላልጣመን ብቻ አልሰማንም ልንላቸው ነው?

አይቆፈር

እሰማቸዋለሁ። መንደሯ ውስጥ አይሆንም የሚሉ ኢኑፒያቶችም አሉ፣ እነሱንም እሰማለሁ። የቧንቧ ውኃና ክሊኒክ ግን የአንድ መንግሥት ግዴታ ነው። አንዱ ሕዝብ ያን ለማግኘት የጎረቤቱን ምግብ አደጋ ላይ እንዲጥል መገደድ አልነበረበትም። አሜሪካና ካናዳ በ1987 ይህን መንጋ አብረው ለመጠበቅ ተፈራርመዋል። በ1988 ደግሞ የግዊችን ሽማግሌዎች ከሁለቱም አገር አርክቲክ ቪሌጅ ተሰብስበው፣ መውለጃው አይነካ ብለው በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ከ29 ዓመት በኋላ ሜዳው የተከፈተው እንዴት ነው? በግብር ማሻሻያ ሕግ ውስጥ አንድ ክፍል ሆኖ ገብቶ ነው። ስለ ግብር ድምፅ ሲሰጥ ስለ መውለጃውም አብሮ ተወሰነ።