የአትሌቱ ፊዚዮቴራፒ በታላቅ ውድድር፦ በቡድኑ ባለሙያ ወይስ በአዘጋጁ ክሊኒክ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ በታላላቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች የአትሌቱን የፊዚዮቴራፒ ሕክምና በዋናነት መምራት ያለበት አብሮት የተጓዘው የቡድኑ ባለሙያ ነው።

ደጋፊ፦ አዘጋጁ የሚያቋቁመው ክሊኒክ አልጋው፣ የበረዶ ገንዳው፣ ባለሙያው ሁሉ አለው። አትሌቷ ጤነኛ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር ግን አያውቅም። አንዲት የ200 ሜትር ሯጭ ከማጣሪያ ወጥታ የጭኔ ጀርባ ያዘኝ አለች እንበል፤ ግማሽ ፍጻሜው ነገ ነው። ባለሙያው በጀርባዋ አስተኝቶ ጉልበቷን ሳታጥፍ እግሯን ቀስ አድርጎ ያነሣል፤ መሳብ የጀመረበትን ዲግሪ ይመዘግባል። ከዚያ በሆዷ አስተኝቶ፣ ጉልበቷ መጀመሪያ በ15፣ ቀጥሎ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ሳለ ተረከዟን በእጁ እየተቋቋመ ኃይሏን ይፈትናል። በ15 ዲግሪው ጡንቻው ተዘርግቶ ስለሚሠራ ትንሽ ጉዳትም እዚያ ላይ ትታወቃለች። በጣቱ እየነካም የሚያመው ቦታ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚረዝምና ከመቀመጫ አጥንት ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል፤ ወደ አጥንቱ በቀረበ መጠን ማገገሚያው ይረዝማል። ቀኝ እግሯ ከግራዋ በ10 ዲግሪ ቢያንስስ? ዱሮም እንዲያ ከነበረ ጉዳት ላይሆን ይችላል፤ ከጉዞ በፊት እኩል ከነበሩ ግን ማሳሰብ አለበት። በተራ የደረሳት የክሊኒክ ባለሙያ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ተቃዋሚ፦ ባልደረባዬ የዘረዘሩት ምርመራ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጉዞ በፊት ልኬት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ወረቀቱን ይዛ ክሊኒክ መግባት ትችላለች። ክሊኒኩን በቦርሳ ይዞ መጓዝ ግን አይቻልም። ጉዳቱ በጡንቻው ውስጥ ወደሚያልፈው ጅማት ዘልቆ እንደሆነ እጅ ብቻውን አይለይም፤ ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ቀለል ሲል ደግሞ ሁሉም ይዘናጋል። ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው መሣሪያ) ያሳየዋል። በለንደን 2012 ኦሊምፒክ መንደር ፖሊክሊኒክ ኤምአርአይም ሲቲ ስካንም ነበር።

ሒሳቡንም እንየው። 15 አትሌት ያለው ቡድን አንድ ፊዚዮቴራፒስት ቢይዝ፣ ለአንዱ 30 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ እንኳ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ማስታወሻ መጻፉ፣ አልጋ ማጽዳቱ፣ ወደ ስታዲየም መመላለሱ ሳይቆጠር። አንዷ በማሟሟቂያ ሜዳ ስትፈልገው ሌላው መንደር ውስጥ አልጋ ላይ ነው።

ደጋፊ፦ ሰው ማነሱ ሰው ለመጨመር ምክንያት ነው እንጂ ኃላፊነቱን ለማስተላለፍ አይደለም። ሰዓቱም ለእኔ ይመሰክራል። አትሌቱ የጥሪ ክፍል (ተወዳዳሪዎች ወደ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት የሚሰበሰቡበት ክፍል) ከገባ በኋላ እንደልብ የሚያገኘው ሰው የለም። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ በውድድር ክልል ውስጥ ማከም የሚችሉት በአዘጋጁ የተመደቡት፣ ወይም በተለይ የተፈቀደላቸው የቡድን ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ሥራው ማሟሟቂያ ሜዳው ላይ ማለቅ አለበት። የርዝመት ዘላይን ቁርጭምጭሚት በቴፕ ማሰርን ውሰዱ። ቆዳው ደርቆ መጽዳት አለበት፤ የማሳጅ ዘይት ቆዳው ላይ ከቀረ ቴፑ በመጀመሪያው ላብ ይላቀቃል። እግሩ 90 ዲግሪ ይያዛል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መያዣ ይታሰራል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በተረከዙ ሥር ሦስት ማሰሪያ በግማሽ እየተደራረበ ይወጣል፤ ተረከዙ በሁለቱም በኩል ይቆለፋል። ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ጠብቋልና ይፈታ። እንቅስቃሴ ከተጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይላላል፤ ከጥሪው በፊት እንደገና መታየት አለበት። ልኩን የሚያውቀው በልምምድ ሲያስረው የከረመው ሰው ነው። በውድድር ቀን አዲስ አስተሳሰር አይሞከርም።

ተቃዋሚ፦ የቅርብ እጅ አደጋም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የቴኒስ ተጫዋቹ ያኒክ ሲነር ክሎስቴቦል የተባለ የተከለከለ ስቴሮይድ ተገኘበት። ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ የሲነር ፊዚዮቴራፒስት የራሱን የተቆረጠ ጣት ክሎስቴቦል ባለበት ስፕሬይ አክሞ ያለ ጓንት ማሳጅ አደረገለት የሚል ነው። ሆን ብሎ እንዳልሆነ ቢታመንም በየካቲት 2025 የሦስት ወር እገዳ ተቀብሏል፤ አትሌት በባልደረቦቹ ቸልተኝነት ይጠየቃልና።

ሙቀትም አለ። በዶሃ 2019 የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን እኩለ ሌሊት ገደማ ተጀምሮ እንኳ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠዋል። ሯጭ ወድቆ ንግግሩ ከተምታታ የሰውነቱ ሙቀት በፊንጢጣ ይለካል፤ የጆሮና የብብት ልኬት ያሳስታል። ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ እዚያው በበረዶ ውሃ ገንዳ ይገባል፤ ወደ 39 ሲወርድ ይወጣል፤ ሆስፒታል ከዚያ በኋላ ነው። ገንዳ ውስጥ ራሱን ደግፎ የሚይዝ፣ ውሃውን የሚያማስል፣ ሙቀቱን የሚከታተል ያስፈልጋል። ይህን አንድ ተጓዥ ባለሙያ ብቻውን አይወጣውም።

ደጋፊ፦ የሙቀቱን ነገር እቀበላለሁ፤ ድንገተኛ ሕክምና የአዘጋጁ ነው፣ ተከራክሬበትም አላውቅም። የስፕሬዩ ጉዳይ ግን የክሊኒክ ግድግዳ የሚያድነው አይደለም። እዚያም የሚነካው የሰው እጅ ነው። መፍትሔው ቁስል ያለበት ባለሙያ ጓንት እንዲያደርግ፣ በቦርሳው የሚገባ ክሬምና ስፕሬይ ሁሉ ከተከለከሉ ቅመሞች ዝርዝር ጋር አስቀድሞ እንዲመሳከር ማድረግ ነው።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው የማንስማማበት አንድ ነገር ይቀራል። የቡድኑ ባለሙያ ደመወዙን የሚከፍለው ሜዳሊያ የሚፈልገው ፌዴሬሽን ነው። ያቺ ሯጭ በ15 ዲግሪው ፈተና እያመማት አሠልጣኟ ትሮጣለች ቢል፣ እምቢ ለማለት የትኛው ወገን ነጻ ነው? እኔ የምጠይቀው አጠራጣሪ ጉዳት ያለበት አትሌት ከጥሪው በፊት በክሊኒኩ ሁለተኛ ምርመራ እንዲያደርግ፣ ውጤቱም በጽሑፍ ለራሱ ለአትሌቱ እንዲሰጥ ነው።

ደጋፊ፦ ለራሷ በጽሑፍ መስጠቱን እደግፋለሁ። ግን የሁለተኛው መርማሪ ፍርድ የመጀመሪያውን እንዲሽር አልስማማም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያያት ሰው በነጻነቱ ብቻ አይበልጥም።