ጋሼ፣ ግራሶዎን ከጨርቄ ላይ ያንሱልኝ

እጄን በሳሙና ፈትጌ ፈትጌ አሁንም ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ስልኬም ተለቅልቋል። ፊደል ብገድፍ ማንም እንዳያርመኝ፣ ዛሬ ታርሜ ጠግቤያለሁ።

ሰውዬው ያው እኚያው የተኩስ ሜዳችን ሽማግሌ ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ።

ጠመንጃዬ የድሮው ዓይነት፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፤ ባሩዴን ሰፍሬ ጨምሬያለሁ። አረሩ ተጠቅልሎ የሚገባባትን ቅባታም እራፊ አፈሙዙ ላይ ዘርግቼ አረሩን ላስቀምጥ ስል ከኋላዬ መጡና ጨርቋን ብድግ አደረጓት። አሸተቷት።

«ይሄ ምንድነው?»
«ሞራና ሰም ነው ጋሼ።»
«ሞራና ሰም? ሻማ ልታበራ ነው ወይስ ልትተኩስ?»

ሜዳው በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ከኪሳቸው ቆርቆሮ አወጡ። ቢጫ ግራሶ! ኩሽኔታ የሚቀባበት! በአውራ ጣታቸው ዛቅ አድርገው ጨርቄን ለቀለቁትና «እንካ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ። ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሲሰጥ እንዴት እምቢ ይባላል?

የመጀመሪያው ወጣ። ሁለተኛው አረር መሃል መንገድ ላይ ተቸነከረ። ዘንጉን ብገፋ፣ ብጎሰጉስ፣ ወይ ፍንክች! ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ድሮም እጅህ ነው እኮ! አይዞህ፣ ዝም ብለህ ተኩሰው፣ ይወጣል።»

ተኩሰው!! አረር ባሩዱ ላይ በደንብ ሳያርፍ መሃል ላይ ቆሞ ከተተኮሰ ቱቦው ሊያብጥ፣ ሲብስም ሊፈነዳ ይችላል። ይሄ ገና ጠመንጃ ሲያዝ የሚነገር ነገር ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ነው ስለ ቅባት የሚያስተምረኝ። እኔ ማቀጣጠያውን አንስቼ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ መንቀያ ብሎን አስሬ አረር ስነቅል፣ እሳቸው ጥላ ስር ቁጭ ብለው ለአዲስ ልጆች ስለኔ አያያዝ ያስረዳሉ።

እሺ፣ አንዴ ልተንፍስ።

ጥቁር ባሩድ 75 በመቶ ጨው ባሩድ (ፖታሲየም ናይትሬት)፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ሲነድ ሁሉም ጋዝ ሆኖ አይወጣም። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ጭሱም ጥቀርሻውም እሱ ነው። የጨርቁ ቅባት ሥራው ይሄን ጥቀርሻ ማለስለስ ነው፣ ቀጣዩ አረር እንዲገባ። ሞራ፣ ሰም፣ የወይራ ዘይት ያለሰልሱታል። የነዳጅ ግራሶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቀርሻው ጋር አብሮ ተጋግሮ ሬንጅ ይሆናል። እኔ ከሜዳው ፊት ለፊት ሄጄ ከመጀመሪያው አረር ጋር ወጥቶ የወደቀውን፣ የሳቸውን ግራሶ የተቀባውን ጨርቅ አነሳሁት። ጤነኛ ጨርቅ ዳሩ ተዘነጣጥሎ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ክብ ታትሞበት ይገኛል። የሳቸው ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ወስጄ አሳየኋቸው።

«ባሩድህ ነው መናኛው» አሉ። ተውኳቸው።

በነገራችን ላይ «ምን ትቀባለህ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያናድደኛል። መቼ ልትተኩስ ነው? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ። ዒላማ ላይ ጎርሶ ወዲያው ለሚተኮስ ምራቅ እንኳ ይበቃል። አዎ፣ ምራቅ! ጥቀርሻው በውሃ ይሟሟል። ለአደን ጎርሶ ለሚውል ጠመንጃ ግን ምራቅ መቀለጃ ነው፤ ወይ ይደርቃል፣ ወይ ባሩዱን ያረጥባል፣ ቱቦውንም ያዝጋል። እዚያ ላይ ነው ሞራና ሰም የሚያስፈልገው። እሱም ሲበዛ ባሩዱ ውስጥ ይሰርጋል። ጨርቁን በጣት ስትጨምቁት ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ በቃ።

ደግሞ ያ ሌላው! ባለፈው «ጨርቅ አለኝ» ብሎ የፖሊስተር ሸሚዝ ቀዶ የመጣው! የራሱ ቅባት እንዳያልቅበት ከኔ ቆርቆሮ ነው የቀባው። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ይቀልጣል ወንድሜ። ጥጥ! እሱም ታጥቦ፣ ማጠንከሪያው ለቆ። ቆርቆሮዬ ሲመለስልኝ ከታች የጣት ጭረት ብቻ ነበር። እሱም ተሳቀበት፣ ማለቴ በኔ ተሳቀ፣ «ስስታም» ተብዬ።

ቅባት ተራ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1857 ሕንድ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። ለኤንፊልድ ጠመንጃ የመጣው ባለወረቀት ጥይት በላምና በአሳማ ሞራ ተቀብቷል ተብሎ ተወራ። በእንግሊዞች ስር የነበረው ሕንዳዊ ወታደር ደግሞ ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚቀደው። ሂንዱውም ሙስሊሙም እምቢ አለ። «በቃ ራሳችሁ ቀቡት» ቢባልም ማን ይመን? ሌላም ብዙ ብሶት ነበረባቸው፣ አመፁ ግን በዚህ ተቀጣጠለ። እነሱ በማያምኑት ቅባት ምክንያት ከኢምፓየር ጋር ተጋጩ። እኔ አንድ ሽማግሌ «አይ ጋሼ፣ ይቅርብኝ» ማለት አቃተኝ።

አሁን ቱቦውን እያጠብኩ ነው። ሌላ ቀን ሙቅ ውሃ ብቻ ይበቃው ነበር። የዛሬው በውሃ ወይ ንቅንቅ! ጨርቁ በገባ በወጣ ቁጥር ጥቁር ነው።

እሑድ እንደገና እንገናኛለን፣ ማምለጫ የለም። እሳቸውም ይመጣሉ፣ ቆርቆሯቸውም ይመጣል። ሞራና ሰም የሚፈልግ ግን ከእኔ አይጠይቅ። ምራቅ አላችሁ አይደል።