ዲየን ቢየን ፉ፦ ፈረንሳይ የተሸነፈችው መረጃ አጥታ አይደለም

ባለፈው ሰሞን ከጓደኞቼ ጋ ስለ ቬትናም ስናወራ አንዱ "ፈረንሳይን ያሸነፋት እኮ የቻይና መድፍ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተረት ነው" አለ። ሌላው ደሞ "አይ፣ ፈረንሳዮች መረጃ ስላልነበራቸው ነው፣ ጫካ ውስጥ የተደበቀ ጦር ከየት ይታወቃል" አለ። እዛው ተከራክረን ተለያየን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ነው ይሄን የምጽፈው። በተለይ የሁለተኛው። ምክንያቱም ፈረንሳዮች ያውቁ ነበር። የሚያስቆጨውም እሱ ነው፣ እያወቁ ነው የገቡት። (ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ነገሩን ከስሩ ላስታውስ። ሆ ቺ ሚን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ሃኖይ ላይ ነፃነት አወጀ፣ ፈረንሳይ ግን ቅኝ ግዛቷን ለመመለስ ጦር ላከች፣ በ1946 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ለየለት። 1953 ሲገባ ሰባተኛ አመቱን ይዟል፣ ፓሪስ ላይ መንግስት በየጊዜው ይቀያየራል፣ የጦርነቱን ወጪ ደሞ በአብዛኛው አሜሪካ ነው የምትሸፍነው። በዛ አመት ሜይ ላይ ጄኔራል ናቫር ኢንዶቻይና (ቬትናም፣ ላኦስና ካምቦዲያ) ላይ ያለው የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ኖቬምበር 20 ቀን ከላኦስ ድንበር አጠገብ፣ ከሃኖይ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ዲየን ቢየን ፉ የሚባል ሸለቆ ላይ ፓራሹተኞች አወረደ። ወደ ላኦስ የሚሄደውን መንገድ ይዘጋሉ፣ ከዛ እየወጡ ጠላትን ያጠቃሉ፣ ጠላት ከመጣም ሜዳው ላይ በመድፍና በአውሮፕላን ይፈጁታል፣ ፕላኑ ይሄ ነበር።

ይሄን ፕላን ከሜዳ ተነስተው አይደለም ያወጡት። ከአንድ አመት በፊት ና ሳን የሚባል ቦታ ላይ ልክ እንደዚሁ በአየር ብቻ ስንቅ የሚደርሰው ምሽግ ሰርተው ነበር፣ የቬትናሞቹ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጂያፕ ወታደሮቹን አስገብቶ አጠቃ፣ ብዙ ሰው አስጨርሶ ተመለሰ። ድሉ የእውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ና ሳን ላይ ዙሪያውን ያሉትን ኮረብቶች የያዙት ፈረንሳዮች ናቸው። ዲየን ቢየን ፉ ላይ እነሱ ሜዳው ላይ ሰፈሩ፣ ተራራውን ለጠላት ተዉለት። አንድ ገበሬ እንኳን ቤቱን የት እንደሚሰራ ሲያስብ ከላይ ምን አለ ብሎ ቀና ብሎ ያያል!

ለምን እንዲህ አደረጉ ስንል መልሱ ስንፍና አይደለም፣ ሂሳብ ሰርተዋል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ቬትናሞች መድፍ ቢያመጡ እንኳን ከተራራው ጀርባ ነው የሚያስቀምጡት፣ ከጀርባ ሆነው ደሞ የአውሮፕላን ማረፊያው ስለሚርቅባቸው አይደርሱበትም። በፊት ለፊቱ ቁልቁለት ላይ ካስቀመጡት ደግሞ ስለሚታዩ ሁለት ሶስት ጥይት ሳይተኩሱ እንመታቸዋለን። የመድፈኞቹ አዛዥ ኮሎኔል ፒሮት፣ አንድ እጁን በጦርነት ያጣ ሰው፣ ለመጣው ባለስልጣን ሁሉ ይሄንኑ ነበር የሚያስረዳው። በዚህ እምነት የራሱን መድፎች እንኳን ከላይ ሳይሸፍን ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው ያስቀመጣቸው፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንዲዞሩለት።

በሂሳቡ ውስጥ ያልገባው ሰው ነው። ቬትናሞች መድፎቹን በገመድ በእጃቸው እየጎተቱ፣ አብዛኛውን በሌሊት ተራራ ላይ አወጧቸው። ከዛ ተራራውን ሰርስረው አፋቸው ብቻ ወደ ሸለቆው የሚወጣ ዋሻ ሰሩላቸው፣ ያውም በፊት ለፊቱ ቁልቁለት ላይ፣ አይቻልም በተባለበት ቦታ። ሌላ ቦታ ደግሞ የውሸት መድፍ ከእንጨት እየሰሩ አውሮፕላኖቹን ያታልሉ ነበር። ጓደኛዬ ስለ ቻይና መድፍ ያለው ልክ ነው፣ ዋናዎቹ 105 ሚሊ ሜትር መድፎች በቻይና በኩል የመጡ አሜሪካ ሰራሽ ናቸው፣ የፀረ አውሮፕላኑ መሳሪያና የቻይና አማካሪዎችም ነበሩ። ግን ከድንበር እስከዛ ሸለቆ ድረስ ያለውን በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራራና ጫካ ቻይና አልተሸከመችላቸውም። ከ200 ሺህ በላይ ሰው፣ ሴቱም ወንዱም፣ መንገድ እየጠገነ፣ በጀልባ፣ በትከሻ፣ በሶቪየት ካሚዮን ነው ሩዝና ጥይት ያደረሰው። ብስክሌቱ ደሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ ፈረንሳይ ሰራሽ ሳይቀር፣ እጀታው ላይ ቀርከሃ ቀጥለው ሳይነዱት እየገፉት አንዱ 200 ኪሎና ከዛ በላይ ይጭን ነበር። በቀን የተደበደበው መንገድ በሌሊት ይጠገናል።

አሁን መረጃ አልነበራቸውም ወደሚለው ልመለስ። የፈረንሳይ ኢንተለጀንስ የቬትናሞችን ራዲዮ ይጠልፍ ነበር። ፓራሹተኞቹ በወረዱ በቀናት ውስጥ ክፍለ ጦሮች ወደዛ እየተንቀሳቀሱ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። የአየር ትራንስፖርቱ አዛዥ ገና ከመጀመሪያው ያን ያህል ጦር በአየር ብቻ እየቀለብን መቆየት አንችልም ብሎ አስጠንቅቋል። ዲሴምበር ላይ ከሸለቆው ለማጥቃት የወጡት ሁሉ ብዙም ሳይርቁ እየተመቱ ተመለሱ፣ ላይ ቻው ከምትባል ከተማ በእግር ወደዛ ሲመጡ የነበሩት የታይ ብሄረሰብ ተዋጊዎች መንገድ ላይ ተበትነው ጥቂቶቹ ብቻ ደረሱ። እንግዲህ ቦታው "እየወጣን እናጠቃለን" ተብሎ ነው የተያዘው፣ አዛዥ ሆኖ የተመረጠው ኮሎኔል ደ ካስትሪ ራሱ የፈረሰኛ ጦር ሰው የሆነው ለዚህ ነው። መውጣት ካልተቻለ ቦታው ለምን ይጠቅማል? ይሄን ጥያቄ ጠይቆ ጦሩን የሚያስወጣ አለቃ ጠፋ። እንዲያውም ናቫር ጃንዋሪ ላይ ከዛ በጣም ርቆ በቬትናም መሀል ጠረፍ ላይ ሌላ ትልቅ ዘመቻ ከፍቶ ያለውን ወታደርና አውሮፕላን ከፋፈለው።

በዛ ላይ ትምህርቱ አዲስ አልነበረም። በ1950 ኦክቶበር ቻይና ድንበር አጠገብ ካለችው ካኦ ባንግ ሲያፈገፍግ የነበረ የፈረንሳይ ጦርና ሊቀበለው የወጣው ሁለተኛ ጦር ሁለቱም ጫካ ውስጥ ተከበው ተደመሰሱ፣ የሁለቱም መሪዎች ተማረኩ። ያኔ ነበር ይሄ ሰራዊት የሽምቅ ተዋጊ ብቻ እንዳልሆነ መገንዘብ የነበረባቸው። ግን አንድ ህዝብ ከኔ ያነሰ ነው ብለህ አእምሮህ ውስጥ ካስቀመጥከው አስር ማስረጃ ቢመጣ አስሩንም "አጋጣሚ ነው" ትለዋለህ። እኔ ቅኝ ገዢነት የሰራባቸው ትልቁ ጉዳት ይሄ ይመስለኛል፣ ወታደሮቹ ጀግኖች ነበሩ፣ መኮንኖቹ የተማሩ ነበሩ፣ ግን ስርአቱ ራሱ የቆመው "እነዚህ አይችሉም" በሚል እምነት ላይ ነው። ጂያፕ ሃኖይ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነበር፣ ወታደራዊ አካዳሚ አልገባም፣ ሚስቱ ፈረንሳዮች እስር ቤት ነው የሞተችው። እንዲህ አይነት ሰው መድፍና እግረኛ አቀናጅቶ ይመራል ብሎ ማመን ለነሱ ከበዳቸው።

እዚህ ጋ ነው የጂያፕን ጃንዋሪ 1954 ማየት ያለብን፣ ለኔ ከጦርነቱ ሁሉ ትልቁ ቀን ያ ነው። በሁለት ሶስት ቀን ቶሎ ለመጨረስ ፕላን ወጥቶ ነበር፣ የቻይና አማካሪዎቹም ተስማምተውበታል፣ መድፎቹ በስንት ስቃይ ቦታ ይዘዋል፣ ቀኑ ተቆርጧል። ጂያፕ ግን ና ሳንን አልረሳም። ፈረንሳዮቹ ምሽጋቸውን አጠናክረዋል፣ የኔ ወታደሮች ሜዳ ላይ በቀን መዋጋት አልለመዱም፣ መድፍና እግረኛ አንድ ላይ ማዋጋት ገና አልቻልንበትም ብሎ በመጨረሻዋ ሰአት ሰረዘው። መድፎቹ ተመልሰው ይውረዱ አለ፣ ያን ሁሉ ተራራ በእጅ የጎተተ ወታደር እንደገና ቁልቁል ሊጎትት። ጦሩ ውስጥ ምን ያህል ቅሬታ እንደሚፈጥር አስቡት። በኋላ በህይወቴ ከወሰንኩት ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር ብሏል። ሁለቱ ጄኔራሎች አንድ ና ሳንን አይተው አንዱ ተዝናና፣ አንዱ ተማረ።

ማርች 13 አመሻሽ ላይ ተኩሱ ተከፈተ፣ ቤያትሪስ የሚባለው ምሽግ በዛው ሌሊት ወደቀ፣ ገብርኤል የሚባለው ደግሞ በማግስቱ ሌሊት ተጠቅቶ ማርች 15 ጠዋት ወደቀ። ፒሮት የጠላትን መድፍ ማጥፋት ቀርቶ የት እንዳለ ማየት አልቻለም፣ ማርች 15 ቀን በቦምብ ራሱን አጠፋ። እኔ ይሄን ሰው አላወግዝም፣ ያመነበትን ነው የተናገረው፣ ከሱ በላይ ያሉት ደግሞ እያንዳንዳቸው መጥተው ሰምተውት አምነውት ሄደዋል። ከማርች መጨረሻ በኋላ አውሮፕላን ማረፍ አቆመ፣ ቁስለኛ ማውጣት አልተቻለም፣ ዝናቡ መጣ፣ ሰው ጭቃ ውስጥ ሆኖ ታከመ፣ ጭቃ ውስጥ ሞተ። አሜሪካ በቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቿ ትግባ አትግባ ተብሎ ብዙ ተወራ፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ብቻዬን አልገባም አለ። ሜይ 6 ማታ ቬትናሞች ከዋናው ኮረብታ ስር የቆፈሩትን አንድ ቶን ገደማ ፈንጂ አፈነዱት፣ በማግስቱ ሜይ 7 ሁሉም አለቀ። ጄኔቫ ላይ ስለ ኢንዶቻይና የሚደረገው ንግግር የተከፈተው በማግስቱ ሜይ 8 ነው። ያንን ኮንፈረንስ ፌብሩዋሪ ላይ በርሊን ሆነው ከተስማሙት መሀል ፈረንሳይ ራሷ አለችበት፣ ማለትም ጦሯ ተከቦ እያለ ለጂያፕ እስከዚህ ቀን ድረስ አሸንፍ ብላ ቀን ቆርጣለታለች።

ቬትናሞችም ሺዎች ሞተውባቸዋል፣ ከፈረንሳዮቹ በእጥፍ ይበልጣል፣ ይሄን ሳልል ማለፍ አልፈልግም።

ከ10 ሺህ በላይ ሰው ተማረከ፣ በእግሩ ረጅም መንገድ ተጓዘ፣ የተመለሰው ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። ስማቸው ሲነሳ የማንሰማቸው ደግሞ በዛ ሸለቆ ውስጥ ለፈረንሳይ የተዋጉት አልጄሪያውያን፣ ሞሮኳውያን፣ ምዕራብ አፍሪካውያንና ራሳቸው ቬትናማውያን ናቸው። ገብርኤልን የያዘው የአልጄሪያ ሻለቃ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተዋግቶ ሲነጋ ምሽጉ ወደቀ። የነሱ አገር አመፅ የተነሳው ኖቬምበር 1 ቀን 1954 ነው፣ ዲየን ቢየን ፉ ከወደቀች ስድስት ወር እንኳን ሳይሞላ። ፈረንሳይም ከኢንዶቻይና የተመለሱትን መኮንኖች አሰልፋ ወደዛው ዘመተች።