መርዶውን ያደረስኩት እኔ ነኝ

አንድ ጸሐፊ ፖለቲከኞች መስማማት ሲያቅታቸው ሒሳቡን ወታደሩ ይከፍላል ያሉት እውነት ነው። ግንቦት 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ባድመ ግንባር ነበርኩ፤ ግራ እግሬ እዚያው ቀርቷል። አብሮኝ የዘመተው የሰፈሬ ልጅ አልተመለሰም። አዳማ ገብቼ እናቱ ዘንድ ስሄድ ቡና እየቆሉ ነበር። ክራንቼን አዩና ከኋላዬ ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ በሩን ተመለከቱ። አፌን ሳልከፍት ቡናው ምጣዱ ላይ አረረ።

በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። በ2013 ደግሞ እርስ በርሳችን ተዋጋን፤ ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት የተፈረመው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱም ጊዜ ማብቂያው ጠረጴዛ ሆነ፤ ታዲያ ለምን ቀድሞ አልተቀመጡም? ዛሬም ተኩስ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ፌስቡክ ላይ ልጆችን ዝመቱ ሲሉ ሳይ ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ የሰው ልጅ አታስጨርሱ።